በሰኔ የተገዛ መጥረጊያ

ባለፈው ነሐሴ ራማት ፖሌግ በሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሳልፍ፣ ፀሐይ ከላይ አስፋልት ከታች የሚጠብሱት አንድ ውድ መኪና ፊት ቆም አልሁና እጄ ሳላዘው ሄደ። የፊት መስታወቱን መጥረጊያ፣ እኛ በዚህ አገር በዕብራይስጡ ማጋብ የምንለውን፣ ብድግ አድርጌ የላስቲኩን ጫፍ በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት። እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሯል። ጣቴ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ቀረ፤ አፍንጫዬ ውስጥ የተጠበሰ ላስቲክ ሽታ ገባ። ይህን የሰው መኪና መዳሰስ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ሚስቴም ከእኔ ጋር በእግር መሄድ የተወችው በዚሁ ምክንያት ነው። ባለቤቱ እርጥብ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ከባሕሩ ሲመጣ አየኝና መኪናዬ ላይ ምን ታደርጋለህ ብሎ በዕብራይስጥ ጮኸብኝ። ላስቲክህ ሞቷል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቀይረው አልሁት። ጠብታ በማይወርድበት በነሐሴ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አለና ከት ብሎ ሳቀ። መልስ ነበረኝ፤ ለሰው ሁሉ መልስ አለኝ። ግን ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁና ሄድሁ። ሽታው አልጠረግ ብሎ እስከ ቤት ተከተለኝ፣ አባቴንም ይዞት መጣ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ እኛ ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ውትድርናዬን ጨርሼ ተመልሻለሁ፣ በሁሉ ነገር እናደዳለሁ፣ የምናደድበትንም ነገር ሁሉ ከማንም በላይ የማውቅ ይመስለኛል። አባቴ ማሩ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ ፈተናውንም ብዙ ጊዜ ወድቋል። መንዳት አቅቶት አልነበረም። መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ለመጣው መኪና በሙሉ፣ ለሽማግሌ ወንበር እንደሚለቅ ሰው፣ እለፉ እለፉ እያለ በእጁ ስለሚጋብዝ ፈታኙ ትዕግሥቱ ያልቅ ነበር። በመጨረሻ ሲያልፍ ያረጀ ነጭ ቫን ገዛ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ከሰፈራችን ስድስት ሴቶችን ጎሕ ሲቀድ እየሰበሰበ ቃዲማ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የብርቱካን ማሸጊያ ቤት ያደርስና ራሱም እዚያው ይሠራ ጀመር። እኔም እዚያው ሣጥን በሚያነሣው ማሽን ላይ ተቀጥሬ ስለነበር ከጎኑ፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጎንደር እያለ የሚታወቀው በሬ በመግራት ነበር፤ እዚህ ከመጣ ወዲህ ግን ለዓመታት ምንም ያልነበረ ሰው ነው። በዚያ ቫን ምክንያት እንደገና አያ ማሩ ተባለ። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፣ ወንዶቹ ስለ መኪና ይጠይቁታል። ያ ቫን ክብሩ ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ታዲያ አባቴ በየዓመቱ ሰኔ ሊገባ ሲል ሁለቱንም መጥረጊያ አውልቆ አዲስ ይገጥማል። ለምን በሰኔ ብትሉ፣ በሰኔ ስለሆነ ነው። እሱ ባደገበት አገር ሰው ሰኔ ሳይገባ የጎጆውን ክዳን ይጠግናል፣ በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ይቆፍራል፣ እንጨቱን ወደ መጠለያ ያስገባል፤ ሰኔ ገብቶ ክዳኑን ያልጠገነ ሰው ቤት የለውም፣ ሴት ልጅም አይሰጡትም። እዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው በመስከረም ግድም የሚውሉት የቲሽሬ ወር በዓላት አልፈው፣ በጥቅምትና በኅዳር እንደሆነ አባቴ አሳምሮ ያውቃል፤ ስንት ዓመት ረጥቦበታል። ግን ማወቁ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር፣ ሰኔ ደግሞ እጆቹ ውስጥ። ወሩ ሲቃረብ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ አንድ ነገር ካልጠገነ እንቅልፍ አይወስደውም። ጎጆ ስለሌለው መጥረጊያ ይቀይራል። በሰፈራችን ያሉ ሌሎች የመኪና ባለቤቶችም አያ ማሩ ከቀየረ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው እያሉ ይከተሉታል፤ የመለዋወጫው ባለሱቅ፣ በዓመቱ በጣም ደረቅ በሆነው ወር የዝናብ ዕቃ ሊገዙ የሚጎርፉትን ጎንደሬዎች እያየ ምን ያስብ እንደነበር እንጃ፣ ዕቃውን ግን በደስታ ይሸጥ ነበር።

እኔ ደግሞ መጥረጊያን ያጠናሁት ብቻዬን ነው። ማንም አላስተማረኝም። ቃዲማ ከሚገኝ የአሮጌ መኪና ማራገፊያ የመጥረጊያ ሞተር ከነዘንጎቹ አምጥቼ ሰገነታችን ላይ ፈታሁት፤ የጥገና መመሪያውንም መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ቃል በቃል አነበብሁት። ሞተሩ የሚያውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ መዞርን ብቻ ነው፤ ያንን ዙር ወደ ግራና ቀኝ ምልልስ የሚለውጡት የተቆላለፉት ዘንጎች ናቸው። ክንዱ ውስጥ ላስቲኩን መስታወቱ ላይ የሚጫን ሞላ አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ላስቲኩ ራሱ ነው። ጫፉ እንደ ከንፈር ቀጭን ሲሆን፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ሲመለስ ተገልብጦ ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ ውኃውን እየጎተተ የሚያጠራው በዚያ መጋደም ነው። ፀሐይ፣ አቧራና የባሕር ጨው ያንን ከንፈር ያደርቁታል። የደረቀ ከንፈር መገልበጥ አይሆንለትም፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና መስታወቱን እየዘለለ ይፍቃል፣ ይጮኻል፣ የውኃ መስመር ይተዋል፣ ከባሰም ጫፉ ይሰነጠቃል። ከነዚህ አንዱን ያየ ሰው ሌላውን ሳይጠብቅ መቀየር አለበት። የሚቀየረውም ከበጋው በኋላ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ነው፤ በሰኔ የተገጠመ ላስቲክ አንድ ጠብታ ሳይነካው ሙሉ በጋ ይጠበስና ዝናቡ ሲመጣ አሮጌ ሆኖ ይጠብቀዋል። በመሃሉም በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ ይፈልጋል፣ በደረቅ መስታወት ላይም መንቀሳቀስ የለበትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም ቃል አልቀይርበትም።

ስሕተቴ የተናገርሁበት ቦታ ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት መጨረሻ፣ አርብ ከቀትር በፊት፣ አባቴ በሕንፃው ሥር አዲሶቹን መጥረጊያዎች ሲገጥም አራት አምስት ወንዶች ከበውት ነበር፤ ዕቃቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እሱ እያሳየ ያስተምራል፤ እዚህ ላይ ተጫን፣ ቀስ ብለህ አስገባ፣ ቀጭ ሲል ተው። እኔ ከፎቅ ወርጄ በመካከላቸው ገባሁና አምና የገጠመውን አሮጌውን ከመሬት አነሣሁ፤ አጠፍሁት፤ ላስቲኩ በሁሉም ፊት እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ።

«አባ፣ ይህን የገዛኸው ለዝናብ ነው ለፀሐይ?» አልሁት። «ይኸም ያው እስከ ጥቅምት ሬሳ ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ዝናብ የት ታውቃለህና» አለኝ።

«የጎንደሩን አላውቅም። የዚህን አገሩን ግን አንተ ገና አልደረስህበትም።»

ከሰዎቹ መካከል ደስታ የሚባል፣ ሰው ሲዋረድ ማየት የሚወድ ጎረቤታችን ነበር፤ ወዲያው ሳቀና «አያ ማሩ፣ በል እንግዲህ ተማር። ልጅህ ወታደር ቤት የሄደው ለዚህ ኖሯል» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። አንዱ በእጁ የያዘውን አዲስ መጥረጊያ ከነማሸጊያው ወደ እኔ ዘርግቶ ታዲያ ይህን መቼ ልግጠመው አለኝ፤ እኔም ነገርሁት፣ ከበዓላቱ በኋላ አልሁት፣ በሰፊው አብራራሁለት። አባቴ ከጀርባዬ መፍቻውን በጨርቅ ሲጠቀልል ይሰማኝ ነበር። ወደ ደረጃው ሲያልፍ «አዋቂ ወልጃለሁ» ብቻ አለ። ከዚያን ቀን በኋላ በስሜ፣ ይርጋ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አዋቂው መጥቷል፣ ለአዋቂው ምሳ ስጡት፣ አዋቂው ይናገር ይል ነበር። በቀጣዩ ሳምንትም ወንዶቹ ስለ መኪና ለመጠየቅ ሲመጡ የሚያንኳኩት ለእኔ ሆነ።

ያ በጋ ረጅም ነበር። በየማለዳው ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ቃዲማ ቃል ሳንለዋወጥ እንሄዳለን፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች እንኳ የእኛ ዝምታ ተጋብቶባቸው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። አባቴ አዲሶቹን መጥረጊያዎች በእልህ በደረቅ መስታወት ላይ አንድ ሁለቴ ያስኬዳቸዋል፣ አቧራው ክርርር ይላል፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ፈገግ እላለሁ። ወር በወር ላስቲኩ ሲደርቅ አያለሁ። እጠብቃለሁ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፣ የማላፍርበት ቃል እንዳይመስላችሁ፤ የአባቴ ዕቃ ሲበላሽ እንደ መኸር ነበር የምጠብቀው።

ሱኮት፣ የዳስ በዓሉ፣ ሲያልፍ ወደ ባለሱቁ ሄጄ ለቫኑ ልክ የሆነ አዲስ ጥንድ ገዛሁ። ልገጥመው አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልገጠምሁትም። በየማለዳው በቦርሳዬ ይዤው እገባለሁ፣ ቦርሳውንም በሁለት ጉልበቶቼ መካከል አቆመዋለሁ፣ የማሸጊያው ጫፍ ከቦርሳው ብቅ ብሎ ይታያል። አባቴ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ግጠምልኝ እንዲለኝ፣ ልክ ነበርህ እንዲለኝ። እሱም እንዳየው አውቃለሁ፤ ማርሽ ሲቀይር እጁ ቦርሳዬን ይነካል። እናቴ አንድ ቀን አባትህ ላስቲኩ እንደደረቀ ያውቃል፣ ዝም ብለህ አትለውጠውም ወይ ብላ ለመነችኝ። አፍ አለው፣ ይናገር አልኋት።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው እሑድ፣ እዚህ አገር የሳምንቱ ሥራ በሚጀመርበት ማለዳ ነው። ከሰፈር ስንወጣ ካፊያ ነበር፤ ካፊያ ደግሞ ከዶፍ ይከፋል፣ ምክንያቱም የበጋውን ሁሉ አቧራ ያላቁጠዋል እንጂ አያጥበውም። አባቴ መጥረጊያውን አስነሣ። ላስቲኩ እየዘለለ ጮኸና መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ቀባው። ከፊት የሚመጡት የመኪና መብራቶች በዚያ ጭቃ ላይ ተበትነው መንገዱን ዋጡት። አባቴ አንገቱን አስግጎ ከታች በቀረች አንዲት የእጅ መዳፍ በምታህል ጥርት ያለች ቦታ በኩል ያይ ጀመር። ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም፤ እኔ ፊት ሊቀንስ አልወደደም።

ከኋላ የተቀመጠችው ወርቄ፣ የአራት ልጆች እናትና ከሴቶቹ ሁሉ ደፋር የሆነችው፣ «አያ ማሩ፣ እስቲ ዳር ይዘህ ቁም» አለችው።

«መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» አላት።

«አንተስ ታውቀዋለህ፤ እሱ አንተን ያውቃል ወይ?»

አንዳቸውም አልሳቁም። አባቴ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ፣ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን በቀጥታ አናገረኝ።

«በጉልበትህ መካከል ያለው ምንድን ነው?»

«ታውቀዋለህ።»

«ላንተ ነው ለመኪናው?»

«ለመኪናው።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት መንገዱ ታጠፈ፣ እኛ ግን አልታጠፍንም። ቫኑ ከአስፋልቱ ወርዶ በብርቱካኑ እርሻ ዳር ባለው የውኃ ቦይ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ሲጀመርም ፍጥነታችን ብዙ ስላልነበር አምላክ አተረፈን፤ ወርቄ ብቻ በክንዷ ላይ ወድቃ አጥንቱ ሲሰበር ሁላችንም ሰማነው።

አምቡላንስ ተጠራ፣ ሴቶቹ ወርቄን ከብበው ከዛፍ ሥር ቆሙ፣ ዝናቡም አሁን ጠንክሮ መውረድ ጀመረ። እኔ በዚያ ሰዓት ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለልጆቼ አልነገርሁም። ቦርሳዬን ከፍቼ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቼ፣ አዲሶቹን መጥረጊያዎች ገጠምኋቸው። ለምን እንዳደረግሁት ብጠየቅ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው እል ይሆናል፤ እውነቱ ግን አባቴ እንዲያይልኝ ነው። ከዚያ ቁልፉን አዙሬ አስነሣኋቸው። አንዴ ሄደው ሲመለሱ መስታወቱ ጥርት አለ። ድምፅ የለም፣ መስመር የለም። አፍንጫው ጭቃ ውስጥ የተቀበረ መኪና፣ የፊት መስታወቱ ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ። አባቴ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ጥሩ ይጠርጋል» አለ፤ ቀስ ብሎ መጥቶም ቁልፉን ራሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ፖሊስ ፈቃዱን አልወሰደበትም። እሱ ነው የተወው። ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም።

ቫኑ ተጠግኖ ሲመለስ ሴቶቹን ማመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። የወርቄ ክንድ ሲድን እሷም ተመለሰች፤ ልክ ከኋላዬ እየተቀመጠች ሁለት ዓመት ስወስዳት ስመልሳት ደኅና አደርህ አላለችኝም። በቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን አይታ ነበር። መኪና ውስጥ ስትገባና ስትወርድ ግን በሰፈሩ ሲያልፍ ለምታየው አባቴ እጅ ትነሣ ነበር። እሱን ከቦይ የጨመራትን ይቅር ብላ እኔን መስታወት ያጠራሁትን አልማረችም፤ ስቆይ ፍርዷ ልክ መሆኑን አየሁ። ሰው እውነትን ይዞ በአባቱ ፊት ቢያወዛውዛት እውነትነቷ አይቀርም፣ ዱላ ግን ትሆናለች። በዱላ የተመታ ሰው ደግሞ የዱላውን እንጨት ጥራት አይመረምርም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ በሚያወርደው ዝናብ በማቆሚያው ላይ ቆሞ ሳገኘው ዳር ይዤ በሩን እከፍታለሁ፤ በእጁ እለፍ እለፍ ይለኛል፤ ያኔ በፈተናው ጊዜ እንግዶችን ይጋብዝበት የነበረው ትሕትና ግን አልነበረበትም፤ እንደ ዝንብ ነበር የሚያባርረኝ። በበሽታ ወድቆ ሐኪም ቤት ማመላለስ ስጀምር የሚቀመጠው ከኋላ ነው።

ያጣሁት ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ የገባኝም ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ግንቦት በፊት፣ በእነዚያ ማለዳዎች፣ አባቴ እየነዳ ዘራችንን ይቆጥርልኝ ነበር። የእኛ ሰው እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠረ አያጋባም፤ ሙሽራና ሙሽሪት በሰባት ቤት ውስጥ ከተገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው። አባቴ ግን ስም ብቻ አይቆጥርም። አንዱን አያት ይዞ ሳምንት ሙሉ ይሄድበታል፤ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደመጣ፣ ከማን ተጣልቶ አገር እንደለቀቀ፣ ማንን እንዳገባና ስንቱን እንደቀበረ፤ ሴቶቹም ከኋላ ሆነው የእኔም አያት እዚያ ነበረች እያሉ ይጨምሩበታል። እኔ ግማሹን እያንቀላፋሁ ነበር የምሰማው። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ከበዓላቱ አንዱን ጠብቄ፣ ከአደጋው ብዙ ዓመት በኋላ፣ እስቲ የቀረውን ቁጠርልኝ ብዬ ነበር፤ ለአዋቂ ምን ይነገረዋል ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁለተኛ አልለመንሁትም። እሱ ያኔ ቦርሳዬን እያየ እንዳልለመነኝ ሁሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ፤ ወንድሙም፣ የሚያውቁት እኩዮቹም ከእሱ በፊት አልቀዋል።

ባለፈው ወር ለትልቋ ልጄ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ የእኛው ሰው ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም እንደኛው ከጎንደር የመጣ ነው። እሷና እሱ እርስ በርስ በዕብራይስጥ እየተንሾካሾኩ ጓዳ በር ላይ ቆመዋል፤ ቆጠራውን እንደ ሽማግሌዎች ጨዋታ ነው የሚያዩት። የልጁ አያት፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ አዛውንት፣ የእነሱን ወገን ሰባቱንም ቤት ሳይደናቀፉ ቆጠሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን አንተ ቁጠር።»

ማሩ አልሁ። ፈንታ አልሁ። አድማሱ አልሁ። ቢተው አልሁ። ቢተው እንዴት በቅሎውን ለባላገር ትቶ በእግሩ እንደተሰደደ እንኳ አስታወስሁ። አምስተኛው ላይ ቆምሁ። ልጄ ከጓዳው በር ላይ መንሾካሾኳን አቆመች፤ አባቷ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው አይታ አታውቅም ነበርና።

አዛውንቱ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የቀረውን አባትህ አልነገረህም?» አሉኝ።

«እየነገረኝ ነበር» አልኋቸው።